ከዌንዳኬ እስከ አሮጌው ኩቤክ፦ የአንድ ቀን ጉብኝት

ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ከተማን ለማየት የሄደ ሰው ከሚያገኛቸው የቀን ጉብኝቶች አንዱ ሁለት ቦታዎችን ያጣመረ ነው። አንደኛው ዌንዳኬ ነው፤ ሂውሮን ዌንዳት የተባለው የካናዳ ነባር ሕዝብ መኖሪያ። ሌላው በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረው አሮጌው ኩቤክ ነው። ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዳንዱ ጉብኝት ከከተማው ይጀምርና ዌንዳኬን ለከሰዓት ያቆየዋል። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ቢገለበጥ ይሻላል። ጠዋት ዌንዳኬ የነበረ ሰው ከሰዓት የከተማውን ግንብ ሲያይ ጥያቄ ይዞ ነው የሚያየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ላባ ያሰረ ሰውና ድንኳን እጠብቃለሁ ብሎ የሚመጣ ጎብኚ ዌንዳኬ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ዙሪያዋን በኩቤክ ከተማ የተከበበች፣ ቤቶቿ ከጎረቤቶቿ ቤት ብዙም የማይለዩ ትንሽ ከተማ ናት። ልዩነቱን መጀመሪያ የሚናገሩት የመንገድ ምልክቶቹ ናቸው። በፈረንሳይኛና በዌንዳት ቋንቋ የተጻፉ ሲሆኑ አንዳንዱ ቃል መሀል 8 ቁጥር ተሰንቅሮ ይታያል። የጽሕፈት ስህተት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ቋንቋውን ሲጽፉ 8ን የሚመስል ፊደል ለ«ው» ድምፅ ተጠቀሙ፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው። ቋንቋው አፍ መፍቻ ሆኖ የሚናገረው ሰው ካጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ከእነዚያው ሚሲዮናውያን መዝገበ ቃላት እየተለቀመ ለልጆች ይሰጣል። ጎብኚውም ቢያንስ ሁለት ቃል ይዞ ይወጣል፦ «ኩዌ» ሰላምታ ነው፣ «ቲያወንክ» ደግሞ ምስጋና።

«ሂውሮን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ፈረንሳዮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው፣ የወንዶቹ የጸጉር አቆራረጥ የከርከሮ ጋማ መስሏቸው ነው ይባላል። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ዌንዳት ብለው ነው።

መነሻቸው እዚህ አይደለም። በ1600ዎቹ መጀመሪያ የሚኖሩት ከዛሬዋ ቶሮንቶ በስተሰሜን፣ ጆርጂያን ቤይ በሚባለው የሂውሮን ሐይቅ ክፍል አጠገብ ነበር። አራሾችና ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1634 ጀምሮ ግን ከአውሮፓውያን ጋር የመጣው ፈንጣጣና ሌላው ወረርሽኝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ሕዝብ ጨረሰው። በ1649 ደግሞ ከኢሮኳ ሕዝቦች ጋር የነበረው ጦርነት መንደሮቻቸውን አወደመ። የቀሩት ተበታተኑ። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች በ1650 የፈረንሳይ ወዳጆቻቸው ወዳሉበት ኩቤክ መጡ። ከዚያም ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1697 ዛሬ ባሉበት ሰፈሩ።

የጉብኝቱ ዋና ማረፊያ ረጅሙ ቤት ነው። እውነቱን ለመናገር ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አምሳያ ነው፤ ግን በደንብ ያስረዳል። የእንጨት ማገሮች ጎብጠው ከላይ ይገናኛሉ፣ በላያቸው የዛፍ ቅርፊት ይለብሳል። ግራና ቀኝ ለመኝታ የሚሆን መደብ አለ። መሀል ለመሀል ምድጃዎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ምድጃ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ቤተሰቦች ይጋሩታል። ጭሱ በጣሪያው ቀዳዳ ይወጣል ይባላል እንጂ እውነቱን የድሮዎቹ ዓይኖች ናቸው የሚያውቁት። ከጣሪያው የበቆሎ እሸት ጉንጉን ይንጠለጠላል። በጥንቱ ሥርዓት የቤቱ ባለቤቶች ሴቶች ነበሩ። ዘር የሚቆጠረው በእናት ነበር፤ ሲጋቡ ወንዱ ነበር ወደ ሚስቱ ቤት የሚገባው። የጎሳ እናቶች አለቃ ይመርጡ፣ ካላማራቸውም ያወርዱ ነበር። ጎሳዎቹ በእንስሳት ይጠራሉ፦ ኤሊ፣ ተኩላ፣ ድብ፣ አጋዘን እየተባለ። ኤሊ የተለየ ክብር አላት። በአፈ ታሪካቸው ከሰማይ የወደቀችውን ሴት በጀርባዋ የተቀበለች እሷ ናት፤ ምድርም እዚያው ጀርባዋ ላይ በቀለች።

ምሳ ላይ ሳጋሚቴ የሚባል ሾርባ ይቀርባል። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ ይገባበታል። ሦስቱን «እህትማማቾች» ይሏቸዋል፤ ማሳ ላይ አብረው ስለሚዘሩ። በቆሎው ለቦሎቄው መወጣጫ ይሆናል፣ ቦሎቄው አፈሩን ያዳብራል፣ የዱባው ቅጠል ደግሞ መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል።

ከዕደ ጥበቡ መሀል ዓይን የሚገባው የበረዶ ጫማ ነው። የጎበጠ የእንጨት ክፈፍ ላይ ጠፍር እንደ መረብ ይጠላለፋል፤ ሰው ጥልቅ በረዶ ላይ ሳይሰምጥ ይራመድበታል። ዌንዳኬ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህ ጫማ፣ ሞካሲን በሚባለው ለስላሳ የቆዳ ጫማና ሙስ በሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ጸጉር በሚሠራ ጥልፍ ትታወቃለች። ለሽያጭ ከተደረደረው መሀል ከሌላ አገር የመጣ ዕቃም ሊኖር ስለሚችል ማን እንደሠራው መጠየቅ ነውር አይደለም። መሀል ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ላይ ካቢር ኩባ የተባለ 28 ሜትር ፏፏቴ አለ። አስጎብኚው ቢቸኩል እንኳ አሥር ደቂቃ መለመን ነው።

ሁለቱን ቦታዎች የሚያስተሳስረው ግን አንድ ወረቀት ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1760 የእንግሊዙ ጄኔራል ጄምስ መሬይ ለዌንዳቶች አጭር ጽሑፍ ፈርሞ ሰጣቸው። ሃይማኖታቸውን፣ ልማዳቸውንና ከእንግሊዞች ጋር የሚያደርጉትን ንግድ ማንም እንዳይነካባቸው ይላል። በፈረንሳዮች እጅ የነበረችው ሞንትሪያል ለእንግሊዞች እጇን የሰጠችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወረቀቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ብዙም ሳይነሳ ቆየ። በ1982 ሲዊ የሚባሉ አራት የዌንዳት ወንድማማቾች ለባህላዊ ሥርዓት ብለው ዣክ ካርቲዬ ፓርክ ገብተው ሰፈሩ፣ ዛፍ ቆረጡ፣ እሳት አነደዱ። በፓርኩ ደንብ ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸውም። እነሱ ግን የመሬይን ወረቀት ይዘው ተከራከሩ። በ1990 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረቀቱ ሕያው ውል ነው ብሎ ወሰነላቸው። ይህን ታሪክ ሳይነግሩ የሚያልፉ አስጎብኚዎች አሉ፤ ለእኔ ግን ከረጅሙ ቤት ይበልጣል።

ከሰዓት ከተማው ነው። ኩቤክን በ1608 የቆረቆራት ፈረንሳዊው ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ነው። ቦታው ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ፈረንሳዊው አሳሽ ዣክ ካርቲዬ በ1535 ሲመጣ ስታዳኮና የሚባል መንደር አግኝቶ ነበር። «ካናታ»፣ ማለትም መንደር፣ የሚለውን ቃል የሰማውም ከእነዚህ ሰዎች ነው፤ የአገሪቱ ስም ከዚያ መጣ። በ1536 አለቃቸውን ዶናኮናን በግድ ጭኖ ወደ ፈረንሳይ ወሰደው፣ እዚያው ሞተ። ሻምፕላን ሲደርስ መንደሩ አልነበረም። ዌንዳቶች የስታዳኮና ሰዎች ዘመዶቻችን ነበሩ ይላሉ።

ከተማው ላይኛና ታችኛ ተብሎ ይከፈላል። ታችኛው ወንዙ ዳር ነው፤ ሻምፕላን ንግድ ቤቱን የተከለበት ሮያል አደባባይና በ1688 መሠራት የጀመረው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ይገኛሉ። ወደ ላይ ለመውጣት «አንገት ሰባሪ» የሚባለው ደረጃ አለ። ጉልበት ላልፈቀደለት ከ1879 ጀምሮ የሚሠራ፣ ገደሉን በሐዲድ የሚወጣ ፈኒኩላር አለለት። ላይ ሲደርሱ ሻቶ ፍሮንተናክ ይታያል፣ በ1893 የተከፈተ ሆቴል። ብዙ ሰው የንጉሥ ግንብ ይመስለዋል፤ ያሠራው ግን የባቡር ኩባንያ ነው፣ መንገደኛ ለመሳብ። የከተማው ቅጥር 4.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ1870ዎቹ ሊያፈርሱት ተነስተው ነበር፤ የያኔው አገረ ገዥ ሎርድ ዳፍሪን ነው ያተረፈው። ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ በ1985 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ከቅጥሩ ውጭ የአብርሃም ሜዳ አለ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1759 እንግሊዞች በሌሊት ገደሉን ወጥተው ፈረንሳዮችን የገጠሙት እዚህ ነው። ውጊያው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሁለቱም አዛዦች፣ ዎልፍና ሞንካልም፣ ቆስለው ሞቱ። መሬይም በዚያ ውጊያ ከእንግሊዝ አዛዦች አንዱ ነበር። ዛሬ ሰው ውሻውን የሚያንሸራሽርበት መናፈሻ ነው።

ጊዜ ከተረፈ 83 ሜትር ከፍታ ያለው የሞንሞረንሲ ፏፏቴ ይጨመራል። ከናያግራ ይረዝማል፣ ግን ስፋቱ አይደርስበትም። እኔ የምመክረው ግን ሌላ ነው። አስጎብኚው ከተሰናበተ በኋላ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ሌቪ የምትሻገረውን ጀልባ ይሳፈሩ። ጉዞው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ኩቤክ የሚለው ስም ከአልጎንኪን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ወንዙ የሚጠብበት ማለት ነው፤ ከመሀል ወንዙ ላይ ሆነው ሁለቱን ዳርቻ ሲያዩ ያስታውቃል።