ፖከር ዕድል ነው ወይስ ችሎታ? ኪስ የሚያራግፉ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ከኮንከር ወደ ስልክ ፖከር የተሻገሩ ልጆች ሲከራከሩ አንዱ «ዕድል ነው» ይላል፣ ሌላው «ጭንቅላት ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ገንዘብ የሚያስበላው የቀረው ግማሽ ነው።

«ፖከር ዕድል ብቻ ነው»

አንድ ዙር ብቻ ካየህ እውነት ይመስላል። ሁለት ኤስ ይዘህ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለህን ሁሉ ብታስይዝ ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ታሸንፋለህ፤ በቀሪው 18 ግን ምንም ሳታጠፋ ባዶ እጅህን ትነሳለህ። ገበጣ ላይ ጠጠሩ ሁሉ ፊትህ ስለሆነ በዕድል ማሳበብ አይቻልም፣ እዚህ ግን ካርታው ተደብቋል።

ችሎታው ያለው ውሳኔው ላይ ነው። መሃል ላይ 800 ብር አለ እንበል። በእጅህ ካሉት ሁለትና ጠረጴዛ ላይ ከተገለጡት አራት ካርታዎች አራቱ ባለ አንድ ምልክት ናቸው፤ አምስተኛው ከመጣ ታሸንፋለህ፣ የቀረው የሚገለጥ ግን አንድ ካርታ ብቻ ነው። ካላየሃቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙህ 9 ናቸው፣ ከመቶ ወደ 20 ይጠጋል። ሌላው 200 ብር ቢያስይዝ 1,000 ብር ለማግኘት 200 ትከፍላለህ፤ ከመቶ 17 ጊዜ ብታገኝ እንኳ ስለሚያዋጣህ ግባ። 800 ቢያስይዝ ግን ከመቶ 33 ያስፈልግሃል፣ ጣል። ካርታህ ያው ነው፣ ውሳኔው ግን ተገለበጠ። ይህን ሂሳብ ሺህ ጊዜ በትክክል የሚሠራና በስሜት የሚገባ ሰው መጨረሻቸው አንድ አይሆንም።

«ዋናው የሰው ፊት ማንበብ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያዎች ጋር 120,000 ዙር ተጫውቶ አሸንፏቸዋል። ዓይን የለውም፣ ፊት አያይም። ብላፉን (ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ እንደያዘ ማስመሰሉን) የሚያደርገው በስሌት ነው።

«ያ ሰውዬ ሚሊዮኖች በልቷል፣ እኔስ?»

ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ፖከር ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ተወዳዳሪው 839 ነበር። እኛ ጋ የደረሰው የእሱ ወሬ ነው፣ የ838ቱን ማንም አያወራም። ደግሞ አንድ ውድድር አጭር ነው፤ አጭር ነገር ላይ ዕድል ጉልበቱ ብዙ ነው።

«ካርታ ከጠፋብኝ ቆይቷል፣ አሁን መምጣቱ ነው»

አይመጣም ማለት አይደለም፣ ግን ዕዳ የለበትም። ሁለት ኤስ የማግኘት ዕድልህ ከ221 አንድ ነው፤ ካርታው በተበወዘ ቁጥር እንደ አዲስ።

«ጎበዝ ከሆንክ ታተርፋለህ»

ወንድሜ፣ ይሄኛው ነው በጣም የሚያሳስበኝ። አጫዋቹ ቤት ከየዙሩ ድርሻውን ይቆርጣል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሰዎች በጥቂቱ መሻል አይበቃም፣ ብልጫህ ቤቱ ከሚቆርጠው መብለጥ አለበት። ደመወዝ ወይም የእህል መሸጫ ብር ይዞ የሚገባ ልጅ ጎበዝ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው የከፋ ሳምንት ያወጣዋል፣ ችሎታው የሚታይበት ረጅሙ ጊዜ ጋ አይደርስም።

«ፖከር በችሎታ ከተበላ ሌላውም ቁማር ይበላል»

ፖከር ላይ ተቃራኒህ የሚሳሳት ሰው ነው። ሩሌት (በቁጥር የተከፋፈለ ጎማ ላይ ኳስ የሚሽከረከርበት ቁማር) ላይ ግን 37 ቁጥር አለ፣ አንድ ቁጥር መትተህ የሚከፈልህ 35 ለ 1 ነው። ልዩነቱን ቤቱ ይወስደዋል፣ የቱንም ቁጥር ብትመርጥ፣ ስንት ሌሊት ብታጠና።