ሮዲዚዮ ምንድን ነው?

ሹራስካሪያ ማለት የብራዚል የጥብስ ምግብ ቤት ነው። ገብታችሁ ስትቀመጡ የሥጋ ሜኑ አይቀርብላችሁም። አስተናጋጆቹ በረጅም የብረት ዘንግ የተሰካ ሥጋ ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ እፊታችሁ ቆርጠው ይሰጧችኋል። ይህ አቀራረብ ሮዲዚዮ ይባላል። ሂሳቡ በሰው ነው፤ አንዴ ከፍሎ እስኪጠግቡ መብላት። መጠጥና ጣፋጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይታሰባል።

ጥብሱ የደቡብ ብራዚል ነው፣ የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል። እዚያ ሜዳ ላይ ከብት የሚጠብቁት ፈረሰኞች፣ ጋውቾዎቹ፣ ሥጋውን በእንጨት ሰክተው ፍም አጠገብ ይጠብሱ ነበር። ማጣፈጫቸው ሸካራ ጨው ነው። ዛሬም ለበሬ ሥጋ ከዚያ ብዙ አይጨመርም። ደግሞስ ጥሩ ሥጋ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ብዙ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ካርድ ያስቀምጣሉ። አረንጓዴው ገጽ «አምጡ» ነው፣ ቀዩ «ቆይ፣ ልረፍ»። ወደ ቀዩ ለመገልበጥ አትፈሩ። ቋሊማና ዶሮ ቶሎ ስለሚደርሱ ሆዳችሁን በነሱ እንዳትሞሉ፤ ፒካኛን ጠብቁ።

ፒካኛ ከበሬው ዳሌ በላይ የሚወጣ፣ በአንድ በኩል ጮማ የለበሰ ሥጋ ነው። ወፈር ብሎ ይቆረጥና ጮማው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ታጥፎ ይሰካል። ጮማው ሲቀልጥ ሥጋው በራሱ ስብ ይርሳል። አስተናጋጁ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ከላይ ወደ ታች በስሱ ይቆርጣል፤ እናንተ ጫፉን በትንሿ መቆንጠጫ ትይዛላችሁ። ለብ ለብ ያለ ወይም በደንብ የበሰለ ብላችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ላዩ ተቆርጦ ሲያልቅ ዘንጉ ወደ እሳቱ ይመለሳል።

ለሐበሻ ደግሞ ኩፒም አለ። ኩፒም ሻኛ ነው! የብራዚል ከብት አብዛኛው ዘሩ ከህንድ የሄደ ባለሻኛ ነው፤ ኔሎር የሚባለው በብዛት ይገኛል። እኛ ሻኛን በጥሬው በአዋዜ እንበላለን፤ እነሱ እስኪለሰልስ ለሰዓታት ያበስሉታል። ከብራዚል ውጭ ሁሉም ቤት ስለማይኖረው ጠይቁ። ሻኛ ወዳጅ ሆኖ ሳይቀምሰው የሚወጣ ሰው ያሳዝነኛል።

የአሳማ ሥጋም በዚያው ይዞራል። የማትበሉ ከሆነ ሳይቆረጥ በፊት ጠይቁ፣ ቋሊማውን በተለይ። በጎን ከካሳቫ ዱቄት የሚሠራ ፋሮፋ፣ ሩዝና ጥቁር ባቄላ፣ ሰላጣም አለ።

ቀረፋ የተነሰነሰበት የተጠበሰ አናናስ ከመጣ አትለፉት። ከዚያ ሁሉ ጮማ በኋላ አፍ ያጸዳል፤ ከእሱ ቀጥሎ አንድ ዙር ፒካኛ ደህና አድርጎ ይገባል።