መጀመሪያ መሐላው፣ ከዚያ ሰርጉ
የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ በአይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ) ያመለከተለት ልጅ ቪዛው ሳይደርስ ካገባ ማመልከቻው ወዲያው ውድቅ ይሆናል። ቢፋታም አይመለስም፤ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ምክንያቱም የግሪን ካርድ ባለቤት ቤተሰብ የቪዛ ምድቦች የሆኑት ኤፍ2ኤም ኤፍ2ቢም ልጅን የሚቀበሉት ካላገባ ብቻ ነው፤ ላገባ ልጅ ማመልከት የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ነው።

ወላጅ ዜግነት ካገኘ በኋላ የተገባ ጋብቻ ግን ፋይሉን ወደ ኤፍ3 (ያገቡ የዜጋ ልጆች ምድብ) ያዛውረዋል እንጂ አይሰርዘውም። ወረፋው ይረዝማል፣ የድሮው ፕራዮሪቲ ዴት (ማመልከቻው የገባበት ቀን) ግን ይቆያል። ወላጅ የዜግነት ፈተና ማለፉ ብቻ አይበቃም፣ የዜግነት መሐላው መፈጸም አለበት።

«ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም» ማለት አያዋጣም፤ የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻንም ያውቃል። ጋብቻን ደብቆ ኤምባሲ መቅረብ ደግሞ ማጭበርበር ነው። መታጨት ችግር የለውም። ቪዛው ፓስፖርት ላይ ከተመታ በኋላም ቢሆን አሜሪካ ሳይገቡ ማግባት ቪዛውን ዋጋ ያሳጣዋል።