የቤንዚን ሣር ማጨጃ በጅማ፦ አያያዙና ብልሽቱ

የቤንዚን ሣር ማጨጃ በትከሻ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ማሽን ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ስለቱ ወይም የናይለን ክሩ በረጅሙ ቱቦ ጫፍ ላይ ይገኛል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ሲሆን ከ25 እስከ 52 ሲሲ ይሆናል። ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ሣሩ አፍታ አይሰጥም። ግቢውን በማጭድ አጭዳችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ያጨዳችሁት በኩል ተመልሶ ጉልበት ደርሷል። ቡና ያለው ደግሞ ለቀማ ከመድረሱ በፊት ሥሩን ማጽዳት አለበት፤ የረገፈ ቡና ሣር ውስጥ ከጠፋ ማን ያገኘዋል?

ማሽኑ አልነሳ ሲል ሰው ቶሎ ብሎ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ይፈታል። እኔ ይሄን አልወደውም። እስካሁን ካየሁት አብዛኛው ጣጣ የነዳጅና የእርጥበት ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ለብቻው የዘይት ቋት የለውም፣ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ልኩ 50 ለ 1 ነው፤ ይህ ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። 25 ለ 1 የሚሉም ስላሉ መመሪያውን እዩ። በግምት አታንቆርቁሩ። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፣ ዘይት መለኪያ ብቻ ይሁን። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ተፋጭቶ ይነክሳል፣ ሞተሩም አለቀ ማለት ነው። ከበዛ ደግሞ ይጨሳል፣ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጥላሸት ይይዛሉ። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም፣ የባለ ሁለት ምት ዘይት ተብሎ የሚሸጠውን ነው የሚፈልገው።

መንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ከሆነ መጀመሪያ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ቅዱትና ትንሽ አቆዩት። ውኃ ካለበት ሥሩ ላይ ለብቻው ይተኛል፤ ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርጉት ጠብታዎቹ እንደ ዶቃ ይንከባለላሉ። ይቺን ጠብታ ካርቡራቶሩ ከጠጣት ገመዱን ስትስቡ ብትውሉም አይነሳም። የተቀላቀለ ነዳጅ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ አታስቀምጡ።

አሁንም እምቢ ካለ ካንዴላውን ፍቱ፣ ብዙ ነገር ይናገራል። ከብዙ መሳብ በኋላም ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም፤ ታንኩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ፊልትሮና ቱቦውን እዩ። ከረጠበ ቤንዚን በዝቶበታል። ያኔ ካንዴላውን አድርቁ፣ ቾኩን (ለማስነሻ አየር የሚቀንሰውን መዝጊያ) ክፈቱ፣ ካንዴላው ሳይገባ ገመዱን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡና መልሳችሁ ግጠሙ። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ወይ ዘይቱ በዝቷል ወይ አየር አንሶታል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። የካርቡራቶሩን ማስተካከያ ብሎን ከመነካካታችሁ በፊት ግን የአየር ፊልትሮውን በሳሙና እጠቡና በደንብ አድርቁት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

ሞተሩ ተነስቶ ጉልበት ካጣ ማርሚታው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ሳይሰጠው ስለቱ የሚዞር ከሆነ ሚኒሞው (ሞተሩ ያለ ጋዝ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሏል፣ ካልሆነም የፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከስለቱ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ስፕሪንግ ተሰብሯል። በዚህ ሁኔታ መሥራት የለባችሁም።

ብዙ ሰው የሚረሳው የስለቱ ራስ ውስጥ ያለውን፣ ዙረቱን ወደ ስለቱ የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ማርሽ ነው። በየ20 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ግሪስ ይፈልጋል። ሰርዶ ስታጭዱ ደግሞ ሣሩ አክሰሉ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፣ ያሞቀዋል፣ የግሪስ መያዣ ጎማውን ይበላል። አጥፍታችሁ፣ የካንዴላውን ክር ነቅላችሁ በቢላ አጽዱት። የስለቱ ዳዶ የሚፈታው በተለመደው አቅጣጫ አይደለም፣ በተቃራኒው ነው፤ ይሄን ሳያውቅ በኃይል አጥብቆ የዳዶውን ጥርስ የበላ መካኒክ አጋጥሞኛል፣ የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

ቡና ውስጥ ስትገቡ ከግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር በእጅ ንቀሉ። ስለቱ የችግኙን ልጥ ዙሪያውን ከላጠው ችግኙ ይደርቃል። የስለቱ የፊት ቀኝ ጎን ጉቶ ወይም የዋንዛ ሥር ከነካ ማሽኑ በድንገት ወደ ጎን ይወረወራል፤ ሰው፣ በተለይ ሕፃናት፣ 15 ሜትር ራቅ ይበሉ። መነጽርና ቦት ጫማ ግድ ነው።

በጋ ሲገባ ታንኩን አራግፉ፣ ከዚያም የቀረው ነዳጅ አልቆ እስኪጠፋ አስነሱት። ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ዝናቡ ሲመለስ የነዳጅ ቱቦውን በጣት ጨመቅ አድርጉት፣ ከተሰነጣጠቀ ሳትሞክሩት በፊት ቀይሩት።