ፒንች ሂተር፦ ሳይመታ ከጨዋታ የሚወጣው ተቀያሪ

በአሜሪካ ቤዝቦል «ፒንች ሂተር» የሚባለው፣ የመምቻ ተራው የደረሰውን ተጫዋች ተክቶ ዱላ ይዞ የሚገባ ተቀያሪ ነው። እንደ እግር ኳስ ሁሉ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ወደዚያ ጨዋታ አይመለስም፤ ገቢውም የወጪውን የመምቻ ተራ ይወርሳል። ብዙዎችን የሚያደናግረው ቅያሪው የሚጸናበት ቅጽበት ነው። የተቀያሪው ስም አንዴ ከተነገረ በኋላ ተጋጣሚው ኳስ ወርዋሪውን ቢቀይርና አሰልጣኙም በዚህ ምክንያት ሌላ መቺ ቢያስገባ፣ የመጀመሪያው ተቀያሪ አንድ ኳስ እንኳ ሳይወረወርለት የዕለቱ ጨዋታ ያበቃለታል። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል፤ ሆኖም ግራኝ መቺ ቀኝ ወርዋሪን ሲገጥም በአብዛኛው ስለሚቀናው፣ አሰልጣኞች ተጋጣሚው ወርዋሪውን እንዲቀይር ሲሉ አንድን ሰው አውቀው ለማጥመጃነት የሚሠዉበት ጊዜ አለ።

«ዩቲሊቲ» የሚባለው ደግሞ በተለያዩ የሜዳ ቦታዎች መሰለፍ የሚችል ተጫዋች ነው። ሁለቱን ሥራዎች አጣምሮ የያዘው ግራኙ መቺ ሌኒ ሃሪስ ከ1988 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በከፍተኛው ሊግ ሲጫወት፣ በተቀያሪነት ገብቶ 212 ጊዜ ኳስ በመምታት ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት የሜዳ ምልክት) ደርሷል፤ በ2001 በኒውዮርክ ሜትስ ማሊያ የሰበረው የማኒ ሞታ ክብረ ወሰን 150 ነበር። ከ2022 ወዲህ ከከፍተኛው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግም ወርዋሪዎች የመምታት ግዴታቸው ስለቀረ፣ እነርሱን ለመተካት ይገባ የነበረው ፒንች ሂተር ዋነኛ ሥራውን አጥቷል።