የድሮ የሸክላ ማጫወቻን በቤት ውስጥ መጠገንና መንከባከብ

የሸክላ ማጫወቻ በሸክላው ገጽ ላይ የተቀረጸውን ቀጭን ቦይ በመርፌ እየተከተለ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። እዚህ የድሮ የሚባሉት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ ብዙዎቹ በወፍራም ብረትና በእንጨት የተሠሩ በመሆናቸው ለአሥርተ ዓመታት ሳይነኩ ቢቀመጡ እንኳ ጎማቸው፣ ዘይታቸውና መርፌያቸው ሲታደስ እንደገና ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ።

ሥራው ለኢትዮጵያውያን አድማጮች የተለየ ትርጉም አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላ፣ ትልቁ የሸክላ ዘመን የመጣው ወጣቱ አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ነው። እሱና እንደ ካይፋ ያሉ ሌሎች አሳታሚዎች ካሴት ገበያውን እስኪይዘው ድረስ ያወጧቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በየገጹ አንድ ዘፈን በያዙና በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞሩ ባለ 45 ሸክላዎች የታተሙ ናቸው። ዳግም የታተሙት ሁሉም አይደሉም። ያረጀ መርፌ የቦዩን ግድግዳ እየፋቀ ስለሚሄድና የተፋቀው ቦይ ደግሞ በምንም መንገድ ስለማይመለስ፣ ካልተመረመረ ማጫወቻ ላይ ውድ ሸክላ መጫን ፈጽሞ አይገባም። ለመጀመሪያው ሙከራ ቢጠፋ የማያስቆጭ ሸክላ መመደብ ይኖርበታል።

የአነዳድ ዓይነቶች

ጥገናው ከየት እንደሚጀመር የሚወስነው የሞተሩ ኃይል ሸክላው ወደሚቀመጥበት ሳህን የሚደርስበት መንገድ ነው። የእንግሊዙ ጋራርድ 301 እና 401፣ የስዊሱ ሌንኮ ኤል 75 እና የጀርመኑ ዱዋል 1019 በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ መካከል የሚሽከረከር አስተላላፊ ጎማ አላቸው። ማጫወቻው ማብሪያው እንደበራ ተነቅሎ ለዓመታት ከተቀመጠ ዘንጉ ጎማው ላይ ተጭኖ ስለሚቆይ ጎማው ይሰረጉዳል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዙር ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጎማው ለስላሳ ሆኖ ከቆየ በአልኮል ማጽዳትና ጠርዙን በደቃቅ ሸካራ ወረቀት እኩል መፋቅ ይበቃዋል። እንደ ቀንድ ከደረቀ ግን አዲስ ጎማ ማልበስ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

በቺንጋ የሚዞሩት ለጀማሪ ይመቻሉ። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር በ1961 ያወጣው የአኮስቲክ ሪሰርች ማጫወቻ ሳህኑንና መርፌውን የሚይዘውን ክንድ በአንድነት በስፕሪንግ አንጠልጥሎ የሞተሩን ንዝረት ከመርፌው ለየ፤ የቶረንስ ቲዲ 150 እና ቲዲ 160 ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ቺንጋው በጊዜ ብዛት ይረዝማል፤ ስለዚህ አሮጌውን ለክቶ በዚያው ርዝመት አዲስ ማዘዝ የተለመደ ስሕተት ነው። በሞዴሉ ቁጥር መግዛት፣ ካልተገኘም ከተለካው በጥቂቱ የሚያጥር መምረጥ ይሻላል። አዲሱ ቺንጋ ከመግባቱ በፊት የአሮጌው ጎማ ጥቁር ቅሪት ከፑሊው (በሞተሩ ዘንግ ላይ ካለው ትንሽ መንኮራኩር) እና ከሳህኑ ጠርዝ በአልኮል መጽዳት አለበት፤ ቺንጋውንም ቅባት በነካው እጅ መያዝ አይገባም።

ሦስተኛው ዓይነት ሳህኑ ራሱ በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ቴክኒክስ ኤስኤል 1200ን በ1972፣ ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት የሚቆጣጠረውን ኤምኬ 2 ደግሞ በ1979 አወጣ። እነዚህ ቺንጋም ጎማም ስለሌላቸው ችግራቸው በአብዛኛው የቆሸሸ የፍጥነት ማስተካከያና የደረቀ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ አካል) ነው።

ፍጥነትና የመብራቱ ፍሪኩዌንሲ

ከውጭ ለሚመጡ ማጫወቻዎች ዋናው ጉዳይ ይህ ሆኖ ሳለ በብዛት የሚዘነጋውም ይኸው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በመብራቱ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ በሚመላለስበት ብዛት፣ ልክ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣውን ማጫወቻ ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ ላይ ሲያስነሱት ሞተሩ ባይቃጠልም ትራንስፎርመሩ ፍሪኩዌንሲውን ስለማይነካ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ይዞራል፤ ይኸውም 33⅓ መዞር የሚገባው በደቂቃ ወደ 27.8፣ 45 መዞር የሚገባው ወደ 37.5 ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይወስዳል፤ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይወፍራል።

ይህ ስሕተት አደገኛ የሚሆነው ስለማይታወቅ ነው። ሁሉም ድምፅ በእኩል ምጣኔ ስለሚወርድ ቅኝቱ አይፈርስም፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ዘፋኙን በወጣትነት ድምፁ ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ ያንን የተጎተተና የከበደ ድምፅ እንደ ዘመኑ ጠባይ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ከሸክላ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሰዎች ፍጥነቱን አስቀድመው ካልለኩ የተሳሳተው ድምፅ ለሚቀጥለው ትውልድ እንደ ትክክለኛ ይተላለፋል።

መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ መግጠም ነው። ቶረንስ፣ ዱዋልና ጋራርድ ለሁለቱም ፍሪኩዌንሲ የተለያየ ፑሊ ይሠሩ ነበር፤ የ50 ኸርዙ ውፍረት ከ60ው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ዋናው ካልተገኘ ጎበዝ የቶርኖ ሠራተኛ ከናስ ሊያወጣው ይችላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከመሐሉ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር እንኳ ቢዛነፍ ተራዝሞ የተያዘ የዋሽንት ድምፅ መወዛወዝ ስለሚጀምር በሥራው ላይ መቻኮል አይገባም። በባለ ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ሞተርና በኳርትዝ የሚቆጣጠሩ ማጫወቻዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ ለእነሱ ትክክለኛው ቮልት ብቻ ይበቃቸዋል።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፎ፣ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ዙር መቁጠር ይቻላል፤ ለ33⅓ ልክ 100፣ ለ45 ደግሞ 135 ዙር መሆን አለበት። ከዚህ የረቀቀው ዘዴ ጠርዙ በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት ሳህኑ ላይ አስቀምጦ በመብራት ማየት ነው። በ50 ኸርዝ ለ33⅓ 180፣ ለ45 ደግሞ 133 መስመር ያስፈልጋል፤ ፍጥነቱ ትክክል ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። በአሜሪካ የታተመ ባለ 216 መስመር ወረቀት ለ60 ኸርዝ ስለሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሳስታል። የኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ እንደሚፈለገው ብልጭ ድርግም ስለማይሉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ዘይት፣ ግራሶና ኤሌክትሪክ

ሳህኑ የሚዞርበት ዘንግ ተነቅሎ አሮጌው ዘይት በንጹሕ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት በጠብታ ይጨመርበታል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይረጋል፤ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ደግሞ ያለውን ዘይት አጥቦ ራሱ ይተናል። ክንዱን በራሳቸው በሚያነሱና በሚመልሱ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ግራሶ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንደ ሙጫ ይጠነክራል፤ ክንዱ መሐል ላይ ሲቆም ብዙ ሰው ማርሹ ተሰበረ ብሎ ይደመድማል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው አሮጌውን ግራሶ በአልኮል ጠርጎ አዲስ በስሱ መቀባት ነው። በብዙ የዱዋል አውቶማቲክ ማጫወቻዎች ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል የጎማ ቆብ ስለምትፈርስ ክንዱ ወደ ሸክላው መሄድ ያቆማል፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የተገፈፈች ትክክለኛ ስፋት ያላት የፕላስቲክ ሽፋን ቦታዋን ትተካለች።

ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት መሰኪያው መነቀል አለበት፤ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በማብሪያው ላይ ብልጭታን ለመከላከል የተገጠመው አሮጌ የወረቀት ካፓሲተር ሰውነቱ ይሰነጠቅና እርጥበት ይገባበታል፤ አንድ ቀን በጭስና በሽታ ይፈነዳል። ከመፈንዳቱ በፊት ለዋና መብራት በተፈቀደ ኤክስ 2 በሚባለው ዓይነት፣ በተመሳሳይ መጠን መተካት ተገቢ ነው። በሊድ መበየድ የማያውቅ ሰው ይህን ለባለሙያ ይተው።

ክንድና መርፌ

የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ የሰንፔር መርፌ ዕድሜው ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው። ታሪኩ የማይታወቅ መርፌ እንዳለቀ መቆጠር አለበት። የአሜሪካው ሹር በ2018 ካርትሪጅ (መርፌው የሚገጠምበትን የክንዱ ጫፍ ክፍል) መሥራት ቢያቆምም የጃፓኑ ጂኮ ለብዙ የድሮ ካርትሪጆች ምትክ መርፌ ይሠራል፤ ኦርቶፎንና ኦዲዮ ቴክኒካም ሙሉ ካርትሪጅ ያመርታሉ። ካርትሪጁ ሲቀየር አራቱ ሽቦዎች በቀለማቸው ይገጠማሉ፤ ነጩና ሰማያዊው ለግራ፣ ቀዩና አረንጓዴው ለቀኝ ናቸው። የካርትሪጁን እግሮች በሙቀት መበየድ ውስጡን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ክብደቱ የሚስተካከለው ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ ድረስ የኋላውን ሚዛን በማዞር፣ ከዚያ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጎ አምራቹ ያዘዘውን ያህል በመጨመር ነው፤ ለምሳሌ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ይፈልጋል። ክብደቱ ሲያንስ ለሸክላው የሚበጅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የቀለለ መርፌ ግን በጠንካራ ድምፆች ላይ ከቦዩ እየዘለለ ሲመለስ ግድግዳውን ስለሚመታ፣ ከታዘዘው ማነሱ ከመብለጡ የማይሻል ጉዳት ያደርሳል። ካርትሪጁ ከቦዩ ጋር ያለው ማዕዘን ከሳህኑ መሐል 66 እና 120.9 ሚሊሜትር በሚርቁ ሁለት ነጥቦች ላይ ቀጥ እንዲል በወረቀት መለኪያ ይስተካከላል። ከአንዱ ሸክላ ወደ ሌላው ሲታለፍ መርፌው ላይ የተጠራቀመውን አቧራ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል።

በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት አሮጌ ሸክላዎች ቦያቸው ከኋለኞቹ እጅግ ስለሚሰፋ የራሳቸው ወፍራም መርፌ ያስፈልጋቸዋል፤ በተራ መርፌ ሲጫወቱ ጫፉ የቦዩን ወለል እየነካ ጩኸት ብቻ ያወጣል። እነዚህን በአልኮል ማጽዳት የተሠሩበትን ሙጫ ስለሚያሟሟው ያጠፋቸዋል።

ከተገጠመ በኋላ የማያቋርጥ እምምታ ከተሰማ መጀመሪያ የሚታየው ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ቀጭን የመሬት ሽቦ ነው። ድምፁ እጅግ ደካማና ቀጭን ከሆነ ደግሞ መሰኪያው ለፎኖ (ለሸክላ ማጫወቻ ደካማ ምልክት) ባልተዘጋጀ ቦታ ገብቷል ማለት ነው።

ማጫወቻው ከውጭ ሲላክ ሳህኑና የክንዱ ሚዛን ተነቅለው ለየብቻ ይጠቀለላሉ፤ ክንዱ ማረፊያው ላይ ይታሰራል፤ የመርፌው መከለያ ይደረጋል። በስፕሪንግ የተንጠለጠሉት ብዙዎቹ ለጉዞ የሚጠብቁ ብሎኖች ስላሏቸው ከመጫኑ በፊት መጠበቅ፣ ከደረሰ በኋላም መላላት አለባቸው። ከሳጥኑ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የቮልት መምረጫው ይታያል። በአንዳንዶቹ ከስር በካቻቢቴ የሚዞር ሲሆን፣ በሌሎቹ ግን ከውስጥ ሽቦ ማዛወር ይጠይቃል። በ120 ቮልት ላይ እንዳለ 220 ላይ የተሰካ ሞተር ጠምዛዛ ሽቦው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።