የባሕር ኃይል መኮንን ማዕረግ ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እየተሻገርኩ ነበር። ጀልባውን የሚነዳው ልጅ ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፈውም። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ቆሎ ይዟል። ተሳፋሪው ሁሉ "ካፒቴን" ይለዋል። "ካፒቴን፣ ኧረ ቀስ በል!" "ካፒቴን፣ መልስ አለኝ!" ይህ አይከፋኝም። የአክብሮት አጠራር ነው፤ ለልጁም ይገባዋል።

የከፋኝ ከጎኔ ከተቀመጡት አዛውንት ስልክ የሰማሁት ነው። አንድ ተንታኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራል። "ባሕር የሌለው አገር የባሕር ኃይል መኮንን ማዕረጉ በሕግ አይጸናም" ይላል። "መርከብ የሌለው ካፒቴን ማለት ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ ማለት ነው።" አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መቼም አፍ አለው" አሉኝ።

"አፍስ አለው ጋሼ፤ ሕጉን ግን ገልብጦታል" አልኳቸው።

ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ቡና ቤት ሰምቼዋለሁ። ሠርግ ላይ ሰምቼዋለሁ። ሕግ የማስተምራቸው ልጆች ፈተና ላይ ጽፈውት አርሜያለሁ። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መኮንንን መኮንን የሚያደርገው ሹመት ነው። የአገር መሪ ወይም ሕግ ሥልጣን የሰጠው አካል አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ "በመንግሥት ስም እዘዝ" ይለዋል። ሹመቱ የሚያርፈው ሰውየው ላይ ነው። መርከብ፣ ጦር ሰፈር፣ ቢሮ የሚባሉት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ምድቦች ናቸው። ዛሬ ይመደባል፤ ነገ ይነሳል። ማዕረጉ ግን አብሮት ይሄዳል።

ጋሼ ልጅ ሆነው ዋሸራ ቅኔ ቆጥረዋል። እኔም በሚያውቁት ነገር ላስረዳቸው ሞከርኩ። ምሳሌውን ስለወደድኩት እዚህም ልጠቀምበት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ክህነት ነው። ጳጳስ እጁን ጭኖ ይሰጠዋል። ቄሱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሞጣ ቢዛወር ቄስ ነው። ቤቱ ቢቀመጥም ቄስ ነው። ሌላው አለቅነት ነው፤ የደብር አስተዳዳሪ ሆኖ መመደብ። ሲነሳ ያበቃል። ሦስተኛው ሙያ ነው። ቅኔውን የተቀኘ፣ ዜማውን የዘለቀ መሪጌታ አለ። በእውቀት ቄሱን ሊያስከነዳው ይችላል። ክህነት ካልተቀበለ ግን አይቀድስም፤ አያቆርብም።

በባሕር ላይም እንዲሁ ነው። የባሕር ኃይል ማዕረግ ክህነቱ ነው። የመርከብ አዛዥነት አለቅነቱ ነው። የንግድ መርከብ ካፒቴንነት ደግሞ መሪጌታነቱ ነው።

ይህ ሦስተኛው እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ አለ። ከዚያ የሚወጡ ልጆች ውቅያኖስ በሚያቋርጡ የንግድ መርከቦች ላይ ይሠራሉ። የያዙት ወረቀት የብቃት ማረጋገጫ ነው። መነሻውም በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የመርከበኞች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ወረቀቱ ፈቃድ ነው፤ ሹመት አይደለም። ሰውየው መርከብ መምራት እንደሚችል ይመሰክራል። የመንግሥትን ሥልጣን ግን አያሸክመውም። ችግሩ የንግድ መርከብ ካፒቴንም ትከሻው ላይ አራት የወርቅ መስመር ያደርጋል፤ የብዙ አገር የባሕር ኃይል ካፒቴንም አራት መስመር አለው። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጎረቤት ገብቶ "ልጃችሁ ኮሎኔል ሆነ እንዴ?" ይላል። እናትየው ምን ትመልስ?

የስሞቹ መመሳሰልም አያግዝም። በእግረኛ ጦር እንግሊዞች "ካፒቴን" የሚሉት የኛ ሻምበል ነው። የባሕር ኃይል ካፒቴን ግን ከኮሎኔል ጋር እኩል ነው። ከሻምበል ጋር የሚስተካከለው የባሕር ኃይል ሌተናንት ነው። ሌተናንት ኮማንደር ከሻለቃ፣ ኮማንደር ከሌተናል ኮሎኔል ይስተካከላሉ። እኛ "ኮማንደር" ሲባል ትዝ የሚለን ፖሊስ ስለሆነ፣ ይህኛው ሌላ መሰላል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከካፒቴን በላይ ኮሞዶር፣ ሪር አድሚራል፣ ቫይስ አድሚራል፣ አድሚራል ይከተላሉ። መሰላሉ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተንታኙ ልመለስ። እሱ መርከቡ መኮንኑን ይወልደዋል ብሎ ነው የሚያስበው። የዓለም አቀፍ ሕግ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 29 የጦር መርከብ ምን እንደሆነ ይተረጉማል። መርከቡ የአንድ አገር ጦር ኃይል ንብረት መሆን አለበት፤ የአገሩንም ምልክት ይይዛል። አዛዡ በመንግሥቱ በአግባቡ የተሾመ መኮንን መሆን አለበት። የዚህ መኮንን ስም በመኮንኖች መዝገብ ውስጥ መገኘት አለበት። ሠራተኞቹም በጦር ኃይል ሥርዓት ሥር መሆን አለባቸው። የመድፍ ብዛት የሚል ቃል የለም። የመርከቡ ርዝመት የለም። የመኮንኑ ሹመትና ስሙ የሰፈረበት መዝገብ ግን አሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የንግድ መርከብን ወደ ጦር መርከብ ስለመቀየር የወጣው የ1907ቱ (እ.ኤ.አ.) የሔግ ስምምነትም አዛዡ በመንግሥት የተሾመና ስሙ በመኮንኖች መዝገብ የሰፈረ መሆኑን ይጠይቃል።

ስለዚህ መርከቡን የጦር መርከብ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መኮንኑ ነው። ግንቡ አልቆ ጉልላቱ ቢሰቀልም አገልጋይ ከሌለ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ለመግባት ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። መርከቡም ያለ ሹመኛውና ያለ ሠራተኞቹ ብረት ነው። ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ ታቦቱም ራሱ በጳጳስ ይባረካልና። ዋናው ነገር ግን አይፈርስም።

"ባሕር የሌለው አገር" የሚለውም አያስኬድም። የ1921ዱ (እ.ኤ.አ.) የባርሴሎና መግለጫ ባሕር ለሌላቸው አገሮች ሰንደቅ ዓላማ እውቅና ሰጥቷል። የ1982ቱ ስምምነት አንቀጽ 90 ደግሞ ባሕር ያለውም የሌለውም አገር በሰንደቁ ሥር መርከብ በዓለም አቀፍ ባሕር ላይ የማንቀሳቀስ መብት አለው ይላል። ቦሊቪያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጦርነት የባሕር ጠረፏን አጣች። በ1963 እ.ኤ.አ. የወንዝና የሐይቅ ኃይል አቋቋመች። ዛሬ ባሕር ኃይል ይባላል፤ ጀልባዎቹ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ናቸው፤ አድሚራሎችም አሉት። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ጣናን ዞር ብለው አዩት።

በአገራችን ሕግ ሹመቱ ከማን እጅ ይወጣል? በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 መኮንኖችን መሾም፣ ማዕረግ መስጠት፣ ማዛወርና ማሰናበት የንጉሠ ነገሥቱ መብት ነበር። አራቱም በአንድ እጅ ነበሩ። ድሮ የራሳችን ጳጳሳት ሳይኖሩን፣ የአገሩ ሁሉ ክህነት ከግብፅ የሚመጣውን አቡን ይጠብቅ እንደነበረው ማለት ነው። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ንዑስ አንቀጽ 6 ፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት፣ በሕግ መሠረት ከፍተኛ የውትድርና ማዕረጎችን ይሰጣል። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ደግሞ በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ማዕረግ ሰጪውና አዛዡ ሁለት ሰዎች ናቸው። "ከፍተኛ" የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ዝርዝሩን አይነግረንም፤ ለሌላ ሕግ ትቶታል። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100/2011 ባሕር ኃይልን ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አድርጎታል። እነዚህ ድንጋጌዎች አንዳቸውም "ወደብ ካለን" አይሉም።

የምጽዋ ጉዳይም ይነሳል። የባሕር ኃይላችን ሰፈር የነበረችው ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ተያዘች። በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሄዱ። ባሕር ኃይሉ በ1996 እ.ኤ.አ. በይፋ ፈረሰ። የፈረሰው ድርጅቱ ነው። እያንዳንዱ መኮንን ከሠራዊቱ እንዴት ተሰናበተ የሚለው ራሱን የቻለ የሕግ ጥያቄ ነው፤ የሚመለሰውም በስንብት ሕጉ እንጂ መርከቧ የት ሄደች በሚለው አይደለም።

የሕግ ሰው ስለሆንኩ የሚቃረነኝንም ልናገር። ማዕረግ ከምድብ ጋር የተጣበቀበት ጊዜ ነበር። በድሮው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሌተናንት ሹመት የመርከቧን ስም ይጠቅስ ነበር። መርከቧ ስትበተን መኮንኑ በግማሽ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ኮሞዶርነትም እዚያው እንግሊዝ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ቋሚ ማዕረግ አልነበረም። ምድቡ ሲያልቅ ሰውየው ወደ ካፒቴንነቱ ይመለስ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ዛሬም ሦስትና አራት ኮከብ (ቫይስ አድሚራልና አድሚራል) የምድቡ ናቸው፤ የአድሚራሉ ቋሚ ማዕረግ ሁለት ኮከብ ነው። ተንታኙ ይህንን ጠቅሶ ቢከራከረኝ ቁጭ ብዬ አዳምጠው ነበር። እነዚህ ሁሉ ግን መሰላሉ አናት ላይ ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ወይም ያለፉ ሥርዓቶች ናቸው። ምድቡን ያጣ አድሚራልም ቢሆን መኮንን መሆኑ አይቀርም።

ዘጌ ልንደርስ ስንል ጋሼ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ቄስ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። የመኮንኑስ በምን ይፈርሳል?"

እንደ አገሩ ሕግ ነው። ጡረታ አለ፤ መልቀቅ አለ። በቅጣት መሰናበት ግን ከባድ በር ነው። በአሜሪካ ሹመት ያለው መኮንን በዚህ መንገድ የሚሰናበተው በከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ያንን ፍርድ በሚተካ ቅጣት ወይም በጦርነት ጊዜ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው። መርከብ ማጣት ብቻውን አይጠቀስም። እንዲያውም በእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቡ የጠፋችበት ካፒቴን በልማድ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር። መርከቧ ባሕር ውስጥ ናት። እሱ ግን የማዕረግ ልብሱን ለብሶ ይገባል። ጎራዴውን ይቀበሉትና ዳኞቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙታል። ፍርዱ ተሰጥቶ ተመልሶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጎራዴውን ነው። ጫፉ ወደ እሱ ከዞረ ጥፋተኛ ተብሏል።